ሳይኮሎጂና የፍሬሽማን ዓመት፦ ከዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እስከ ዛሬ

«ሳይኮሎጂ ነው ያጠናሁት» ያለ ሰው አንድ ጥያቄ አይቀርለትም፦ «ታዲያ አሁን የማስበውን ታውቃለህ?» ቀልዱ ቀልድ ነው። ቁም ነገሩ ግን ሌላ ነው፤ የሰውን ልብ ለማወቅ የሚፈልግ ተማሪ ከሳይኮሎጂ ሌላ ምን መማር አለበት? ግቢያችን ለዚህ ጥያቄ በየዘመኑ የተለያየ መልስ ሰጥቷል።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1943 ዓ.ም. አራት ኪሎ ላይ ሲጀመር፣ ኃላፊነቱን የተረከቡት በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤት የሠሩት ካናዳዊው የጀስዊት ካህን ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ኮሌጁ በ1946 ዓ.ም. ቻርተሩን አገኘ። አገሪቱ መምህርና የቢሮ ሠራተኛ በብርቱ ትፈልግ ነበር፤ ይሁንና ትምህርቱ ሙያ ብቻ አልነበረም። የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ ፖላንዳዊው ስታኒስላው ሆይናትስኪ ከተማሪዎች ጋር የኢትኖሎጂ ማኅበር አቋቋሙ። ተማሪዎቹም የየአገራቸውን ልማድ እየጻፉ በማኅበሩ ቡለቲን አወጡ። ኋላ ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም መሠረት የሆነው ይኸው የቤተ መጻሕፍትና የሙዚየም ሥራ ነው።

በ1954 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲው ሲመሠረትና ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢያችን ሲሆን፣ ሳይኮሎጂ በአብዛኛው ከመምህራን ሥልጠና ጋር ተጠግቶ አደገ። ኋላም የሳይኮሎጂ ትምህርት ክፍላችን በትምህርትና ሥነ ባሕርይ ጥናት ኮሌጅ ሥር ነበር።

እኔ ስድስት ኪሎ የገባሁት በ1980ዎቹ ነው። መጀመሪያ ፍሬሽማን ሆነን ሎጂክ፣ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና እንግሊዝኛ ተማርን፤ ዲፓርትመንት የተመደብነው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔ ብዙዎቻችን ያን ዓመት እንደ ወንፊት እንጂ እንደ ትምህርት አናየውም ነበር። ጥቅሙ የገባኝ ሥራ ላይ ነው። የእኛ ሰው «ድብርት ይዞኛል» ከማለቱ በፊት «ሆድ ብሶኛል»፣ «ልቤ ደክሟል» ይላል። ከውጭ የተተረጎመ መጠይቅ ብቻ የያዘ ባለሙያ ሰውዬውን ወደ ውስጥ ደዌ ሐኪም ይልከዋል። ሰው ከባለሙያ ዘንድ ከመምጣቱ በፊት ጠበል ገብቶ፣ ከንስሐ አባቱ ተማክሮ፣ በሐዘኑ ዕድርተኛ አጽናንቶት ሊሆን ይችላል። ይህን ለመስማት ቋንቋ፣ ታሪክና ባህል ማወቅ ግድ ነው፤ የሳይኮሎጂ ሀንድአውት ብቻውን አይበቃም።

በ1996 ዓ.ም. የመሰናዶ ትምህርት ሲተካው ፍሬሽማን ቀረ፤ የዲግሪው ዘመንም ከአራት ወደ ሦስት ዓመት አጠረ። ቀጥሎ የመጣው 70 በ30 ፖሊሲ ደግሞ አብዛኛውን ተማሪ ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ መራው። ለፖሊሲው ምክንያት አልታጣለትም፤ አገር መሐንዲስም ያስፈልጋታል። ግን በእነዚያ ዓመታት የገባ የሳይኮሎጂ ተማሪ በቀጥታ ከትምህርት ክፍሉ ጋር ተገናኘ፤ ከጂኦግራፊው፣ ከሎጂኩ፣ ከጎረቤት ዲፓርትመንት ልጅ ጋር የሚያጋጥመው ዓመት አልነበረውም።

በ2012 ዓ.ም. ፍሬሽማን ተመለሰ። አሁን አጠቃላይ ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክ፣ ሶሻል አንትሮፖሎጂ፣ የኢትዮጵያና የአፍሪካ ቀንድ ታሪክና ጂኦግራፊ የጋራ ኮርሶች ናቸው። ትልቅ ነገር ነው፤ ምሕንድስና የሚገባውም ልጅ ስለ ሰው ልብ ይማራል። ሥጋቴ ሌላ ነው። ለሁሉም ዩኒቨርሲቲዎች አንድ ወጥ ሞጁል ሲዘጋጅ፣ ሞጁሉን ሸምድዶ ፈተና ማለፍ ቀላል ነው። ኮርሱ ተመለሰ ማለት መንፈሱ ተመለሰ ማለት አይደለም እኮ።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችንም ለእኛም አንድ ሐሳብ አለኝ። የአራት ኪሎዎቹ እንዳደረጉት፣ የፍሬሽማን ሳይኮሎጂ ተማሪ ሁሉ ሰው በመጣበት አካባቢ ሲከፋው፣ ሲያዝንና ሲጽናና የሚለውንና የሚያደርገውን ጠይቆ ሁለት ገጽ ይጻፍ። የተሻሉትን መምህራን ይምረጡ፤ የማሳተሚያውን ወጪ ደግሞ ማኅበራችን ከዘንድሮው መዋጮ ይሸፍን። የእኛን ሰው የሚያውቅ ሳይኮሎጂ የሚጻፈው ከእንዲህ ዓይነት ሁለት ሁለት ገጾች ተነሥቶ ነው።