ከቃላድ እስከ ኮምፒውተር፦ የቢቸናና የሞጣ ገበሬ እና የመሬት ልኬት

በምሥራቅ ጎጃም ከጮቄ ተራራ እስከ ዐባይ ሸለቆ አፋፍ የተዘረጉት የቢቸናና የሞጣ አገሮች በኢትዮጵያ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ብዙውን ጊዜ የሚነሣው ከአመፅ ጋር ተያይዞ ነው። ቢቸና የእነማይ፣ ሞጣ ደግሞ የሁለት እጁ እነሴ ወረዳ ዋና ከተማ ሲሆኑ፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሁለቱም የየራሳቸው አውራጃ መቀመጫ ነበሩ። ስለ እነዚህ አውራጃዎች የጻፉ የመንግሥት ሹማምንት ገበሬውን አዲስ ነገር የማይወድ፣ ሥልጣኔን የሚሸሽ አድርገው ይገልጹት ነበር፤ ይህ አገላለጽ ግን ገበሬው ከመንግሥት የመጣለትን የመለኪያ መሣሪያ በየዘመኑ ምን ብሎ እንደመረመረው ሳይጠይቅ የተሰጠ ፍርድ ነው። ነገሩ ሲጠና የቢቸናና የሞጣ ሰው ልኬትን የተጠራጠረው ልኬት ምን ማድረግ እንደሚችል ጠንቅቆ በማወቁ መሆኑ ይታያል።

የአገሩ የመሬት ሥሪት ርስት ነበር። ርስት ማለት አንድ ሰው መሬቱን መጀመሪያ ካቀናው አባት ወይም እናት መውረዱን አስረድቶ የሚያገኘው ድርሻ ሲሆን፣ መብቱ በእናትም በአባትም በኩል ስለሚወርድ አንድ ገበሬ በብዙ የዘር ሐረግ፣ በተለያዩ አጥቢያዎች ጭምር ድርሻ ሊጠይቅ ይችል ነበር። አሜሪካዊው የሥነ ሰብእ ተመራማሪ አለን ሆበን በጎረቤት ደጋ ዳሞት ያደረገውን ጥናት እ.ኤ.አ. በ1973 ሲያሳትም እንዳሳየው፣ በዚህ ሥሪት ውስጥ የአንድ ገበሬ ይዞታ መጠን የሚወሰነው በዘር ቆጠራው ብቻ ሳይሆን በክርክር ችሎታው፣ በዘመዶቹ ብዛትና በሽማግሎች ዘንድ ባለው ተሰሚነት ጭምር ነበር። ስለዚህ የመሬቱ መዝገብ በሰዎች ትዝታ ውስጥ ይኖር ነበር፤ ትውልድ ቆጥሮ ከአቅኚው አባት የሚያደርስ አዋቂ ሽማግሌ ደግሞ የመዝገብ ቤት ያህል ይከበር ነበር።

ይህ ማለት ልኬት አልነበረም ማለት አይደለም። የወራሾች ድርሻ በሚከፈልበት ጊዜ መስኩ አስቀድሞ በዓይነቱ ይለያል፤ ለሙ ከጠፉ፣ ረግረጉ ከድንጋያማው፣ ሜዳው ከተዳፋቱ ተነጥሎ እያንዳንዱ ክፍል በገመድ ወይም በዘንግ ይለካና ወራሾቹ ዕጣ ይጣጣላሉ። በዚህ ምክንያት የአንድ ሰው መሬት በአንድ ቦታ የተጠቀለለ ሳይሆን እዚህም እዚያም የተበጣጠሰ ቀጭን ቀጭን ማሳ ይሆናል፤ ከውጭ ለሚያይ ብክነት የሚመስለው ይህ አከፋፈል በረዶ አንዱን ጋራ ሲመታ ወይም ውሃ አንዱን ጥቁር አፈር ሲያጥለቀልቅ ሁሉም ወራሽ እኩል እንዲጎዳና እኩል እንዲተርፍ የታሰበበት ነበር። የስፋት መለኪያው ጥማድ፣ ማለትም አንድ ጥንድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ነው። ጥማድ እንደ አፈሩ ክብደትና እንደ መሬቱ አቀማመጥ ይሰፋል ይጠባል፤ ሄክታርን የሚያውቅ ባለሙያ ይህን ጉድለት ይለዋል፣ ነገር ግን ለሚያርሰው ሰው ከስፋቱ ይልቅ ድካሙን የሚነግረው ልኬት የበለጠ ይጠቅመው ነበር። ከሁሉም በላይ ልኬቱ የሚካሄደው ባለጉዳዮቹ ሁሉ ቆመው እያዩ ስለነበር፣ ገመዱ ሲላላ ወይም ሲወጠር የሚመለከት ዓይን አይጠፋም ነበር።

ቃላድ የመጣው ከሌላ አቅጣጫ ነው። ቃላድ የመለኪያ ገመድ ሲሆን፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመንና ከዚያም በኋላ በተለይ በደቡቡ የአገሪቱ ክፍል መሬት በጋሻ ሲለካ (አንድ ጋሻ ወደ 40 ሄክታር ይጠጋል) ያገለገለው እሱ ነበር። በዚያ አገር ልኬቱ ሲያልቅ ለባላባቱ ጥቂት ተከፍሎለት የቀረው ለመንግሥት፣ ለወታደርና ለቤተ ክህነት ሲደለደል፣ አራሹ በአባቱ መሬት ላይ ጭሰኛ ሆኖ ተገኘ። ገመዱ ራሱ ጎጃሜው ወራሾችን ከሚያካፍልበት ገመድ በምንም አይለይም፤ የሚለየው የገመዱን ጫፍ የያዘው ሰውና ከልኬቱ በኋላ የሚጻፈው ደብተር የሚቀመጥበት ቦታ ነበር። የቢቸናና የሞጣ ገበሬ ፍርሃት ያረፈውም በዚህ ልዩነት ላይ ነው።

ከነጻነት በኋላ መንግሥት የመሬት ግብርን በአዲስ መልክ ሲደነግግ የተለካውን መሬት ለም፣ ለም ጠፍና ጠፍ ብሎ በሦስት መደበው። አዲሱ የግብር ሕግ በጎጃም ብርቱ ተቃውሞ ስለገጠመው ጠቅላይ ግዛቱ ከጣልያን ወረራ በፊት በነበረው ልክ እንዲገብር ተፈቀደለት። የቢቸናው አርበኛ በላይ ዘለቀ ከመንግሥት ጋር ተጋጭቶ በ1937 ዓ.ም. በስቅላት የተቀጣውም በዚሁ ዘመን ሲሆን፣ ቅጣቱ በአገሩ ሰው ልብ ውስጥ የተወው ቂም በኋላ ለመጣው አለመተማመን ድርሻ አለው። በ1940ዎቹ መጀመሪያ ደግሞ ልኬትን ወደ ጎጃም ለማስገባት የተደረገው ሙከራ እንደገና አመፅ አስነሥቶ ቆመ።

ትልቁ ፈተና የመጣው በ1960 ዓ.ም. ነው። በዚያ ዓመት ኅዳር ላይ የወጣው የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ (ቁጥር 255) ዐሥራትን፣ ማለትም ከምርት ከዐሥር አንድ ይከፈል የነበረውን ግብር አስቀርቶ ገበሬው እንደ ገቢው መጠን ከፍ እያለ የሚሄድ ግብር እንዲከፍል ደነገገ። በወረቀት ሲታይ አዋጁ ከቀድሞው ሥርዓት የተሻለና ባለጸጋውን ከድሃው የሚለይ ስለነበር፣ አርቃቂዎቹ ጥቅሙ በራሱ የሚናገር መስሏቸው ነበር። ይሁንና ገቢን ለማወቅ ምርትን መገመት፣ ምርትን ለመገመት ማሳን ማየት ያስፈልጋልና፣ ገማች ኮሚቴዎች በየገጠሩ ሊወጡ ሆነ። ገበሬው ይህን ሰንሰለት ከመጨረሻው ጫፍ ጀምሮ አነበበው፤ ግምቱ ልኬትን፣ ልኬቱ ቃላድን፣ ቃላዱ ደግሞ የርስትን መጥፋት ይጠራል አለ። ታሪክ ጸሐፊው ገብሩ ታረቀ ስለ ሃያኛው ክፍለ ዘመን የኢትዮጵያ ገበሬዎች አመፅ ባዘጋጀው መጽሐፍ ይህን ፍርሃት የአመፁ አንዱ ዋና ምክንያት አድርጎ ያቀርበዋል።

ፍርሃቱን ያባባሰው ሕጉን የሚያስፈጽሙት ሰዎች ማንነት ነበር። በጠቅላይ ገዥው በደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ዘመን የጦር መሣሪያ ምዝገባና ልዩ ልዩ መዋጮ ሕዝቡን አስመርረውት ስለነበር፣ ከዚያው ጽሕፈት ቤት የወጣ ገማች ትክክለኛ ግምት ይገምታል ብሎ ለማመን ምክንያት አልነበረም። አመፁ በሞጣ አውራጃ ተቀጣጥሎ ወደ ቢቸናና ወደ ሌሎች አውራጃዎች ተስፋፋ፤ ገበሬው ገማቾችን መለሰ፣ አቤቱታውንም እስከ አዲስ አበባ ላከ። መንግሥት በፖሊስና በጦር ሠራዊት ያልተቆጣጠረውን አገር በአውሮፕላን እስከ መደብደብ ደረሰ። በመጨረሻም ጠቅላይ ገዥው ተነሥተው ደጃዝማች ደረጀ መኰንን ተተኩ፣ ለዓመታት የተጠራቀመ ውዝፍ ግብር ተሰረዘ፣ አዲሱም ግብር በጎጃም በተግባር ሳይውል ቀረ። ለብዙ የሞጣ አጥቢያዎች ሰው ከአዲሱ የዓለም ሥልጣኔ ጋር የተደረገ ትውውቅ ከሰማይ የወረደ ቦምብ ሆኖ መታሰቡ፣ ከዚያ በኋላ ስለመጣው መሣሪያ ሁሉ ያለውን ጥርጣሬ ሲመዝኑ ፈጽሞ ሊዘነጋ አይገባም።

ይኸው ሕዝብ ጥቅሙን ያየበትን ነገር ግን አልናቀም። ከሞጣ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ ላይ በዐፄ ፋሲል ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት የዐባይ ድልድይ በጣልያን ጦርነት ጊዜ መካከሉ ፈርሶ ሰባራ ድልድይ ተብሎ ሲቀር፣ የሁለቱ ዳር ሰዎች ተሻጋሪውን በገመድ እያሰሩ ከወዲያና ከወዲህ በመሳብ ለአሥርት ዓመታት አሻግረዋል። ብረት የሚገጥሙ የውጭ በጎ ፈቃደኞች በ1990ዎቹ አጋማሽ ሲመጡ አገሬው ራሱ ተሸክሞ፣ ራሱ ቆፍሮ ሥራውን አግዟል፤ የድልድዩን ጥቅም ሊያስረዳው የሚመጣ ሹም አላስፈለገውም።

በ1967 ዓ.ም. የታወጀው የመሬት ይዞታ ለውጥ ርስትን ሽሮ መሬትን የሕዝብ ሲያደርግ፣ አሮጌው ፍርሃት በከፊል እውን ሆነ። በ1989 ዓ.ም. በአማራ ክልል የተካሄደው የመሬት ሽግሽግ ደግሞ ልኬት እንደገና የቅጣት መሣሪያ ሊሆን እንደሚችል አሳየ፤ በደርግ ጊዜ በገበሬ ማኅበር ኃላፊነት የነበሩ «ቢሮክራት»፣ ከዚያ በፊት ሹመት የነበራቸውም «የፊውዳል ርዝራዥ» ተብለው ይዞታቸው ከአራት ጥማድ ወይም ከአንድ ሄክታር እንዳይበልጥ ተቆረጠ። ከጎጃም የተነሡ ገበሬዎች አዲስ አበባ ድረስ ሄደው አቤት ቢሉም ውሳኔው አልተለወጠም።

ከዚህ ሁሉ በኋላ በ1990ዎቹ አጋማሽ የጀመረው የይዞታ ምዝገባ ተቀባይነት ማግኘቱ ለአንዳንድ ታዛቢ አስገራሚ መስሎ ነበር፤ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥ በጎዛምን ወረዳ የምትገኘው አዲስና ጉሊት ቀበሌም ከሙከራ ቀበሌዎቹ አንዷ ነበረች። ገበሬው በዚህ ጊዜ የተቀበለው ለምን እንደሆነ ለማወቅ ግን ደብተሩን ገልጦ ማየት ይበቃል። አረንጓዴው የይዞታ ማረጋገጫ ደብተር የባልና የሚስት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን የተለጠፈበት፣ የእያንዳንዱ ማሳ ስፋትና አዋሳኞች የተጻፉበት ሲሆን፣ የሚቀመጠውም በባለይዞታው ቤት፣ በሣጥኑ ውስጥ ነው። ልኬቱን የመራው በቀበሌው ሰው የተመረጠ ኮሚቴ፣ ምስክሮቹም ድንበርተኞቹ ነበሩ። ስፋቱ በገመድ ወይም በግምት የተሞላ በመሆኑ ባለሙያዎች ትክክለኛነቱን ቢነቅፉትም፣ በተለይ ለሴቶች በፍርድ ቤት የሚቀርብ ማስረጃ ሆኗል።

ሁለተኛው ደረጃ ምዝገባ ይህንን የትክክለኛነት ጉድለት ለማረም የመጣ ነው። ቀያሹ ከአየር ወይም ከሳተላይት የተነሣ ምስል በትልቅ ወረቀት ላይ ታትሞለት ማሳው ድረስ ይወርዳል፤ ባለይዞታውና አዋሳኞቹ ወሰኑን በእግራቸው እየሄዱ ሲያሳዩት በምስሉ ላይ በብዕር ያሰምራል፤ ምስሉ በማይገልጽበት ቦታ በጂፒኤስ፣ ማለትም ከሳተላይት በሚቀበለው ምልክት አቀማመጥን በሚለይ መሣሪያ ይለካል። ከዚያ መረጃው ወደ ኮምፒውተር ይገባና ስሕተት ያየ ሰው እንዲያርም ለሕዝብ ይለጠፋል። መዝገቡን ለመያዝ በአማራ ክልል መጀመሪያ ኢስላ የተባለ ፕሮግራም፣ በኋላም ለመላ አገሪቱ የተዘጋጀ የገጠር መሬት መረጃ ሥርዓት ሥራ ላይ ውሏል።

አሜሪካዊው የኮምፒውተር ሊቅ ፍሬድሪክ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ1986 በጻፈው የታወቀ ጽሑፍ፣ የፕሮግራም ሥራ ችግር ሁለት ዓይነት እንደሆነ ለይቷል፤ አንዱ ከመሣሪያው ድክመት የሚመጣ፣ ሌላው ከጉዳዩ ከራሱ የሚመነጭ ነው፤ አዳዲስ መሣሪያዎች የሚያቃልሉትም በአብዛኛው የመጀመሪያውን ብቻ ስለሆነ፣ የሥራን ውጤት በአንድ ጊዜ ዐሥር እጥፍ የሚያደርግ ፈጠራ በዐሥር ዓመት ውስጥ አይጠበቅም አለ። የመሬት ልኬት ታሪክ ለዚህ ፍርድ ጥሩ ምስክር ነው። ገመድ ይላላል፣ ግምት ይስታል፤ እነዚህን ጂፒኤስ ያርማቸዋል። መሬቱ የማን ነው፣ ስፋቱ ሲታወቅ ምን ይከተላል፣ የተሳሳተውን የሚያርመው ማን ነው የሚሉት ጥያቄዎች ግን በ1960 ዓ.ም. እንደነበሩ አሉ። በወንድማማች መካከል ያልተከፈለ ውርስ በኮምፒውተር መዝገብ ላይ በአንዱ ስም ሲገባ ወሰኑ በሴንቲሜትር ቢለካም ክርክሩ አይጠፋም፤ እንዲያውም የተመዘገበው ወንድም ይበረታል። መብራት በሚጠፋበት፣ ሠራተኛ ቶሎ ቶሎ በሚቀያየርበት የወረዳ ጽሕፈት ቤት ደግሞ ከምዝገባው በኋላ የተደረገ ውርስና ስጦታ በጊዜው ካልገባ፣ ያማረው ካርታ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከእውነታው ይርቃል፤ ያን ጊዜ ባለጉዳዩ ተመልሶ የሚሄደው ወደ ሽማግሎቹ ነው።

የ1960 ዓ.ም.ን አመፅ በጎልማሳነት ያዩት ሰዎች ዛሬ ዕድሜያቸው ከሰባ ዓመት በላይ ነው። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ የታሪክ ክፍልና የመሬት መዝገቡን የሚያዘጋጁ ባለሙያዎች በአንድነት ወደ ቢቸናና ወደ ሞጣ አጥቢያዎች ወርደው፣ እነዚህ አዛውንት ስለ ገማቾቹ፣ ስለ ቃላዱና ስለ ርስት አከፋፈሉ የሚያውቁትን አሁኑኑ በድምፅና በጽሑፍ ሊይዙላቸው ይገባል።