የቆየ የናፍጣ ፒክአፕ ሚኒሞ ሲዋዥቅ መንስኤውን በቅደም ተከተል ስለመለየት

ነዳጅ መስጫው ሳይረገጥ ሞተር በዝቅተኛ ዙር የሚሠራበት ሁኔታ በተለምዶ ሚኒሞ ይባላል። ሚኒሞ ሲዋዥቅ የሞተሩ ድምፅ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ተሽከርካሪው ይንቀጠቀጣል፤ አንዳንድ ጊዜም ሞተሩ በራሱ ይጠፋል። ይህ መረጃ የተዘጋጀው ሜካኒካል የናፍጣ ፖምፓ ላላቸው የቆዩ ፒክአፖች ባለንብረቶችና አሽከርካሪዎች ነው። በምሳሌነት የተወሰደው በአገራችን በስፋት የሚገኘው ቶዮታ ሃይሉክስ ሲሆን፣ 2ኤል (2.4 ሊትር)፣ 3ኤል (2.8 ሊትር) እና 5ኤል (3.0 ሊትር) ሞተሮችን ይመለከታል። የነዳጅ ሥርዓታቸው በኮምፒዩተር የሚመራ ተሽከርካሪዎችን አይመለከትም።

ባለንብረቶች በተለይ ሊገነዘቡት የሚገባው የሚኒሞ ማስተካከያ ብሎንን ማዞር የመጨረሻው እንጂ የመጀመሪያው እርምጃ አለመሆኑን ነው። ብሎኑ ዙሩን ከፍ በማድረግ ምልክቱን ይሸፍናል፤ ብልሽቱን ግን አያስወግድም። ፖምፓ ፈትቶ ማደስም ከፍተኛ ወጪ የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ከዚያ በፊት ቀላልና አነስተኛ ወጪ ያላቸው ምክንያቶች ሊጣሩ ይገባል።

1. ችግሩ በቸልታ የማይታይበት ምክንያት

በናፍጣ ሞተር ላይ የፍሬን ማገዣው የሚሠራው በሞተሩ በሚንቀሳቀስ የቫኪዩም ፖምፓ አማካይነት ነው። በመሆኑም ሞተሩ በጉዞ ላይ ቢጠፋ፣ ፍሬኑ ጥቂት ጊዜ ከተረገጠ በኋላ ማገዣው ተሟጦ ፔዳሉ ይጠጥራል። መሪው በሞተር ኃይል የሚታገዝ ከሆነም ይከብዳል። ጭነት ይዞ ቁልቁለት ለሚወርድ ወይም ሕዝብ በሚበዛበት መስቀለኛ መንገድ ለሚያልፍ ተሽከርካሪ ይህ የሕይወት ጉዳይ ነው። ማርሽ በወጣ ቁጥር የሚጠፋ ተሽከርካሪ ብልሽቱ ሳይስተካከል ለጭነት ሥራ መሰማራት የለበትም።

2. ምልክቱን በትክክል ስለመለየት

ከመፍታት በፊት ማዳመጥ ይቀድማል። የሚከተሉት ልዩነቶች ፍለጋውን ያጠባሉ።

ሀ. የሞተሩ ዙር የተረጋጋ ሆኖ የተሽከርካሪው አካል ብቻ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ ሞተሩን ከሻንሲው ጋር የሚያያዙት የጎማ መደገፊያዎች መበላሸታቸውን ያመለክታል። በዚህ ጊዜ የነዳጅ ሥርዓቱን መነካካት አያስፈልግም።

ለ. ሞተሩ ምት ጠብቆ የሚዘል፣ አንድ ሲሊንደር የማይሠራ የሚመስል ከሆነ፣ መንስኤው በአብዛኛው አንድ ኖዝል ወይም የአንድ ሲሊንደር የእመቃ ኃይል መቀነስ ነው።

ሐ. ዙሩ ቀስ እያለ ከፍና ዝቅ የሚል ከሆነ፣ ናፍጣው ውስጥ አየር መግባቱ ወይም በፖምፓው ውስጥ ያለው የዙር መቆጣጠሪያ መዛሉ ይጠረጠራል። በቅድሚያ የሚጣራው አየሩ ነው።

መ. ችግሩ ጠዋት ብቻ ታይቶ ሞተሩ ሲሞቅ የሚጠፋ ከሆነ፣ የማሞቂያ ካንዴላዎች ሊመረመሩ ይገባል። በተቃራኒው ሞተሩ ሲሞቅ ብቻ የሚብስና ሞቆ ሲጠፋ ለመነሳት የሚያስቸግር ከሆነ፣ የፖምፓው የውስጥ ክፍል መበላት አንዱ ምክንያት ነው። የሞቀ ናፍጣ ስለሚቀጥን በተበላው ክፍተት ይሾልካል።

ሠ. ዙሩ የሚወርደው የአየር ማቀዝቀዣ ሲበራ ብቻ ከሆነ፣ ጭነቱን ለማካካስ ዙር ከፍ የሚያደርገው መሣሪያ ይታያል።

ከጭስ ማውጫው የሚወጣው ጭስ ቀለምም ጠቃሚ ማስረጃ ነው። ሽታው ዓይን የሚቆጠቁጥ ነጭ ጭስ ያልተቃጠለ ናፍጣ መኖሩን ያሳያል። ነጭ ጭሱ ሞተሩ ከሞቀ በኋላም የሚቀጥልና የራዲያተር ውኃ የሚጎድል ከሆነ፣ የቴስታታ ጓርኒሲዮን መበላሸት ሊሆን ይችላል። ጥቁር ጭስ የአየር ማነስን ወይም የናፍጣ መብዛትን፣ ሰማያዊ ጭስ ደግሞ የሞተር ዘይት መቃጠሉን ያመለክታል። እንደ አዲስ አበባና ደብረ ብርሃን ባሉ ከፍተኛ ቦታዎች አየሩ ስስ በመሆኑ፣ በማለዳ ሲነሳ ለአጭር ጊዜ የሚታይ ነጭ ጭስ ብቻውን የብልሽት ማረጋገጫ አይሆንም።

3. የደኅንነት ጥንቃቄ

ተሽከርካሪው በደልዳላ ቦታ ቆሞ፣ ማርሹ ወጥቶ፣ የእጅ ፍሬኑ ተይዞና ጎማው ሥር ታኮ ተደርጎ መሥራት ይገባል። ሞተሩን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ማስነሳት የጭስ መታፈንን ያስከትላል። ከፖምፓው ወደ ኖዝሎች የሚሄዱት የብረት ቱቦዎች ከ100 ባር በላይ ግፊት ስለሚኖራቸው ፍሳሽን በእጅ ዳሶ መፈለግ ክልክል ነው። ቆዳ የወጋ ናፍጣ ቁስሉ ትንሽ ቢመስልም ለአካል መቆረጥ ሊያበቃ ስለሚችል፣ ሳይዘገይ ወደ ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል።

4. ባለንብረቱ ሊያከናውናቸው የሚችላቸው ምርመራዎች

አንደኛ፣ በናፍጣ ፊልትሮው ሥር የሚገኘውን የውኃ ማፍሰሻ በመክፈት የተጠራቀመውን ውኃና ዝቃጭ በዕቃ መቀበል፤ ንጹሕ ናፍጣ እስኪወርድ ድረስም በእጅ ፖምፓው መግፋት። ፊልትሮው የመቀየሪያ ጊዜው ያለፈ ከሆነ መለወጥ። ነጭ ጋዝ የተቀላቀለበት ናፍጣ የፖምፓውን የውስጥ ክፍሎች የማለስለስ ባሕርዩ ዝቅተኛ በመሆኑ ፖምፓውን ይበላል፤ ስለዚህ ከማደያ ውጭ በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ አለመጠቀም ይመከራል።

ሁለተኛ፣ የሰልባትዮውን ክዳን ከፍቶ ማዳመጥ። አየር ወደ ውስጥ ሲሳብ ከተሰማና ሚኒሞው ወዲያው ከተረጋጋ፣ የሰልባትዮው መተንፈሻ ተደፍኗል።

ሦስተኛ፣ የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ መመልከት፤ በአቧራ የታፈነ ከሆነ መለወጥ።

አራተኛ፣ ከሰልባትዮው እስከ ፖምፓው ያሉትን የጎማ ቱቦዎችና ማሰሪያዎች፣ እንዲሁም በኖዝሎች መካከል ያሉትን ትንንሽ የመመለሻ ቱቦዎች መመርመር። ናፍጣውን ፖምፓው ስቦ የሚወስደው በመሆኑ፣ የተሰነጠቀ ቱቦ ናፍጣ ሳያንጠባጥብ አየር ሊያስገባ ይችላል። ስለሆነም ቱቦው ደረቅ መሆኑ ብቻ ጤነኛ ነው አያሰኝም። በፊልትሮውና በፖምፓው መካከል አጭር ብርሃን አስተላላፊ ቱቦ ለጊዜው ቢገጠም የአየር አረፋው በዓይን ይታያል።

አምስተኛ፣ አረፋ ከታየ ፖምፓውን ከሰልባትዮው ለይቶ፣ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ንጹሕ ዕቃ ናፍጣ እንዲስብ ማድረግ። ሚኒሞው በዚህ ከተስተካከለ ብልሽቱ ያለው በቱቦዎቹ፣ በፊልትሮው ወይም በሰልባትዮው በኩል ነው፤ ፖምፓውን መፍታት አያስፈልግም። ካልተስተካከለ ወደሚቀጥለው ደረጃ ይታለፋል።

5. ለባለሙያ የሚተው ሥራ

የማሞቂያ ካንዴላዎች አንድ በአንድ በመለኪያ መፈተሽ አለባቸው። ምት ጠብቆ ለሚዘል ሞተር፣ ባለሙያው የኖዝል ቱቦዎችን በየተራ በጥንቃቄ አላልቶ የድምፁን ለውጥ ያዳምጣል፤ ሲላላ ለውጥ የማያሳየው ሲሊንደር ችግር ያለበት ነው። ቀጥሎም ኖዝሉን ከሌላ ሲሊንደር ጋር ያቀያይራል። ችግሩ ከኖዝሉ ጋር ከተዛወረ ኖዝሉ በመፈተሻ መሣሪያ ይታያል፤ በቦታው ከቀረ የቫልቭ ክፍተትና የእመቃ ኃይል ይለካሉ። በዚህ ልኬት ላይ በሲሊንደሮች መካከል ያለው ልዩነት ትልቅ ትርጉም አለው፤ አንዱ ሲሊንደር ብቻ ዝቅ ማለቱ የቫልቭ፣ የፋሻ ወይም የጓርኒሲዮን ችግርን ያሳያል።

በእነዚህ ሞተሮች ፖምፓውንና ቫልቮቹን የሚያንቀሳቅሰው ባለጥርስ ቺንጊያ ነው። ቺንጊያው ጥርስ ከዘለለ የናፍጣ መርጫው ጊዜ ይዛባል፤ ከተበጠሰ ቫልቮቹ ከፒስተኖቹ ጋር ይጋጫሉ። የተቀየረበት ጊዜ የማይታወቅ ቺንጊያ ፖምፓው ከመፈታቱ አስቀድሞ ሊታይ ይገባል።

ይህ ሁሉ ተጣርቶ ጉድለት ካልተገኘ ፖምፓው ወደ ፖምፓና ኖዝል ባለሙያ ይላካል። ሚኒሞው በዙር ቆጣሪ የሚስተካከለው ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከሞቀ በኋላ ነው። በእነዚህ ሞተሮች ልኩ በደቂቃ ከ700 እስከ 800 ዙር አካባቢ ሲሆን፣ የተሽከርካሪው መመሪያ የሚሰጠው ቁጥር ቅድሚያ አለው። በፋብሪካ የታሸጉት የከፍተኛ ዙርና የናፍጣ መጠን ብሎኖች ሊነኩ አይገባም።

6. ከጋራዥ ጋር ሲዋዋሉ

ባለንብረቱ ችግሩ የሚታይበትን ሰዓት፣ የጭሱን ቀለምና በቅርቡ የተሠራውን ሥራ በጽሑፍ ይዞ መቅረብ ይጠቅመዋል። ፖምፓ እንዲታደስ ሐሳብ ሲቀርብለት አየር መግባቱ፣ ኖዝሎቹና የእመቃ ኃይሉ ተመርምረው እንደሆነ መጠየቅ፣ የልኬቱን ውጤት በጽሑፍ መቀበልና የተለወጡ አሮጌ ዕቃዎችን መረከብ ይገባዋል።

የዓመታዊ ቴክኒክ ምርመራ ጊዜ እስኪደርስ መጠበቅ አያስፈልግም። ምርመራው ተሽከርካሪው በዕለቱ ያለበትን ሁኔታ ያሳያል፤ በቀሪዎቹ ቀናት ተሽከርካሪውን በደኅና ሁኔታ የመያዝ ኃላፊነት የባለንብረቱና የአሽከርካሪው ነው።