የዝገትና የብርሃን ታሪክ

ዝገትን ባየን ቍጥር የምናስበው ጥፋትን ብቻ ነው፤ ቈርቈሮ ይበሳል፥ ምስማር ይበላል። ነገር ግን ይህ የተናቀ ነገር ከብርሃን ጋራ ሲተባበር ውሀን ሊያጠራ እንደሚችል በኬሚስትሪ ትምህርታችን ስለ ተረዳን፥ ታሪኩን ባጭሩ ለአንባቢዎቻችን ለማቅረብ ወደድን። ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሄንሪ ፌንተን በእንግሊዝ አገር በካምብሪጅ ገና ተማሪ ሳለ፥ በ1876 ታርታሪክ አሲድን ከጥቂት የብረት ጨውና ከሃይድሮጂን ፐሮክሳይድ ጋራ ቀላቅሎ አልካሊ ቢጨምርበት፥ ሐምራዊ ቀለም አየ። ነገሩን አልናቀውም፤ መርምሮ በ1894 ሰፋ ያለ ጽሑፍ አሳተመ። ምክንያቱን ለመግለጥ የሞከሩት ግን ሀበርና ዋይስ በ1934 ናቸው። እነርሱ እንዳሉት ብረቱ ፐሮክሳይዱን ሲሰብረው ሃይድሮክሲል ራዲካል ይወለዳል። ይህም ዕድሜው እጅግ አጭር፥ ኀይሉ ግን ያገኘውን ሞለኪውል ሁሉ የሚያፈርስ ነው።

በዚሁ መካከል ፍሌሚንግ በ1928 ፔኒሲሊንን አገኘ። ብዙ ሕይወትም ዳነ። ይሁን እንጂ እርሱ ራሱ በ1945 የኖቤልን ሽልማት ሲቀበል፥ መድኀኒቱ በጥቂቱ ከተወሰደ ተሕዋስያኑ እንደሚለምዱት አስጠነቀቀ። የምንውጠው አንቲባዮቲክ በከፊል ሳይለወጥ ከሰውነታችን ወጥቶ ወደ ውሀ ይገባል፤ የፋብሪካ ፍሳሽም ይጨመርበታል። የስዊድን ሊቃውንት በ2007 እንዳስታወቁት፥ በሕንድ አገር በሃይደራባድ አጠገብ፥ በፓታንቸሩ፥ የ90 ያህል መድኀኒት ፋብሪካዎችን ፍሳሽ ተቀብሎ ከሚያጣራው ጣቢያ በሚወጣው ውሀ፥ በ1 ሊትር እስከ 31 ሚሊግራም የሚደርስ ሲፕሮፍሎክሳሲን ተገኝቷል። ይህም መድኀኒቱን በሚወስድ በሽተኛ ደም ውስጥ ከሚገኘው ይበልጣል። እንግዲህ ውሀው ጥሩ መስሎ ቢታይም፥ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሀ መሆኑ ነው።

ታዲያ ብርሃን ምን ይረዳል? በጃፓን ፉጂሺማና ሆንዳ በ1972 ብርሃን የወደቀበት ቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ውሀን እንደሚከፍል አሳዩ። እርሱ ግን በአብዛኛው አልትራቫዮሌት ጨረር ይሻል። ለቀይ አፈር ቀለም የሚሰጠው ሄማታይት ግን በዐይን የሚታየውንም ብርሃን ይቀበላል። ከዚህም በላይ፥ ሥራውን ፈጽሞ የደከመውን ብረት ብርሃን መልሶ ያድሰዋል፤ የታደሰውም ብረት ሌላ ፐሮክሳይድ ይሰብራል። በውሀ የሟሟ ብረት ብዙ ጊዜ ኮምጣጣ ውሀ ይፈልጋል፥ አተላም ይተዋል፤ ጠጣር የብረት ኦክሳይድ ግን ይህን ችግር ያቃልላል። ማግኔታይት የተባለው ዐይነትማ በማግኔት ተስቦ ይወጣል።

የሆነ ሆኖ ሥራው እንከን የለውም ማለታችን አይደለም። በሄማታይት ውስጥ ብርሃን የሚቀሰቅሰው ኀይል ቶሎ ይጠፋል። በፍሳሽ ያለው ሌላ ቈሻሻም ራዲካሉን ይሻማል። አንዳንድ ጊዜም የመድኀኒቱ ስባሪ ራሱ ጕዳት ሊኖረው ስለሚችል፥ ቀለሙ ጠፋ ብሎ ሥራው ተፈጸመ ማለት አይገባም።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር ተምረናል። አንደኛው፥ ተማሪ በብርጭቆው ውስጥ ያየውን ጥቂት ቀለም እንዳይንቅ ነው። ሁለተኛው፥ ውሀን ካበላሹ በኋላ ከማጥራት አስቀድሞ መጠበቅ ስለሚሻል፥ አንቲባዮቲክን ያለ ሐኪም ትእዛዝ እንዳንወስድ፥ የተረፈውንም በወንዝና በቦይ እንዳንጥል ነው። ይህ ለእኛ ለተማሪዎችም የሚቻል ሥራ ነው።