ሁለቱ የሞያሌ «1936»ቶች፦ የድሮ የመዳብ ሳንቲም ዋጋው በምን ይለካል?

ኬንያና ኢትዮጵያ በሚዋሰኑባት ሞያሌ የሁለቱ ወገን ገንዘብ ለዘመናት እጅ ለእጅ ሲዘዋወር ኖሯል። ከሁለቱ ወገን ታሪክ ደግሞ በቁጥር ተመሳስለው በዕድሜ የሚለያዩ ሁለት ሳንቲሞች ይገኛሉ። ሁለቱም «1936» ይላሉ።

በኬንያ በኩል የነበረው የምሥራቅ አፍሪካ የነሐስ 10 ሳንቲም ነው። መሃሉ ቀዳዳ ነው፤ የንጉሥ ኤድዋርድ 8ኛ ስም ተቀርጾበታል። ንጉሡ ዙፋን ላይ የቆዩት አንድ ዓመት እንኳ ባልሞላ ጊዜ ነበር። ሆኖም ቀዳዳው ሳንቲም ስም እንጂ የንጉሥ ምስል ስለማያስፈልገው ሥራው ፈጥኖ ተጠናቀቀ።

በኢትዮጵያ በኩል ያለው «፲፱፻፴፮» ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በመሆኑ፣ እንደ አውሮፓውያኑ 1943/44 ማለት ነው። የአፄ ኃይለ ሥላሴን ምስል የያዙት እነዚህ የመዳብ ሳንቲሞች በመጀመሪያ የተመረቱት በአሜሪካ፣ ፊላደልፊያ ነው። ሰብሳቢዎች ዛሬ በእጅጉ የሚሹት የ1793ቱ የአሜሪካ የመዳብ ሳንቲምም የተሠራው በዚያችው ከተማ ነው። የኢትዮጵያው ሳንቲም ከዚያ በኋላ ለበርካታ ዓመታት ሲመረት ዓመተ ምሕረቱ አልተለወጠም። ስለዚህ ቁጥሩን ብቻ አይቶ ዕድሜውን መናገር አይቻልም።

ከእነዚህ መካከል ታሪኩ የሚደንቀው ስሙኒ ነው። የመጀመሪያው 25 ሳንቲም ክብ ነበር። አታላዮች ብር እየቀቡ እንደ 50 ሳንቲም ያሳልፉት ስለነበር ዙሪያው ሞገድማ ተደረገ። 50 ሳንቲሙ «ሽልንግ» የተባለውም ያለ ምክንያት አይደለም፤ በ1937 ዓ.ም. አዲሱ የኢትዮጵያ ገንዘብ ሲወጣ አንዱ ብር በሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይመነዘር ነበር።

ሁለቱም «1936»ቶች በብዛት ስለተመረቱ በራሳቸው ብርቅ አይደሉም። ብርቅ የሚሆነው ሳይነካካ የቆየው ነው። መዳብ ሲወጣ ቀይ ነው፤ እየዋለ እያደረ ቡናማ ይሆናል። ይህ ቡናማ ሽፋን እድፍ ሳይሆን ከለላ ነው። በሎሚና በአመድ የታሸ ሳንቲም ለጊዜው ቢያብረቀርቅም የላይኛው ገጹ ተፍቆ ስለሚሄድ ሰብሳቢ ዘንድ ዋጋው ይወድቃል፤ የጠፋውም አይመለስም። በአንጻሩ እንደ ዱቄት የሚረግፍ አረንጓዴ ነገር ከታየ ዝገቱ መዳቡን እየበላ ነውና ሳንቲሙ ከሌሎቹ ተለይቶ መቀመጥ ይኖርበታል።

አሜሪካዊው ዊሊያም ሼልደን በ1949 እ.አ.አ. ለአገራቸው የመዳብ ሳንቲሞች ያወጡት ከ1 እስከ 70 የሚደርስ የይዞታ መለኪያ ዛሬ ለሁሉም ዓይነት ሳንቲም ያገለግላል። በዚህ መለኪያ ከፍ ያለ ደረጃ እንዲያገኝ የሚፈለግ ሳንቲም ፊቱ በጣት አይነካም፤ የሚያዘው በጠርዙ ነው። የእጅ ላብ ጨው ስላለው በመዳብ ላይ የጣት አሻራ ያስቀራል። ማስቀመጫውም ደረቅ ቦታ ሊሆን ይገባል፤ ለስላሳ የፕላስቲክ ከረጢት ከጊዜ በኋላ የሚያጣብቅ አረንጓዴ ፈሳሽ ስለሚያወጣ አይመከርም። ቀዳዳውን ሳንቲም የሚገዛ ሰው ደግሞ የቀዳዳውን ከንፈር አጥብቆ ይመልከት፤ በክር ተሰክቶ የኖረ ከሆነ ቀድሞ የሚሳሳው እዚያ ላይ ነው።