ፊደልና መጽሐፍ በጦር ሰፈር

ጦርነት የመሣሪያ ሥራ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን ትእዛዝ በጽሑፍ የሚተላለፍበት፣ መኪናና መድፍ በመመሪያ መጽሐፍ የሚጠገንበት ዘመን ከመጣ ወዲህ ማንበብ የማይችል ወታደር ለራሱም ለጓደኞቹም አስጊ ሆኗል። ይህን ችግር የአሜሪካ ሠራዊት በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ እንዴት እንደ ተወጣው ከዚህ ቀጥለን እንገልጻለን፤ ዘመኑን የምንቈጥረውም በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው።

በ1943 ዓ.ም. በተለይ ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ ምልምሎች ልዩ የማሠልጠኛ ክፍሎች ተቋቋሙ። እስከ 1945 መጨረሻ ድረስ ከ300,000 የሚበልጡ ሰዎች ገቡባቸው። ጊዜው ቢበዛ ሦስት ወር ያህል፣ የሚፈለገውም ዕውቀት የአራተኛ ክፍል ተማሪ ያህል ነበር። የማንበቢያው መጽሐፍ ለሕፃናት የተዘጋጀ አልነበረም፤ ፒት ስለሚባል አንድ ተራ ወታደር የሰፈር ኑሮ የሚተርክ ነበር እንጂ። ስለዚህ ጐልማሳው ተማሪ ከፊደሉ ጋር የራሱን ሕይወት አገኘ።

ይሁን እንጂ ፊደል የቈጠረ ሰው የሚያነበው ካላገኘ ትምህርቱ ይጠፋበታል። የአሜሪካ ሕዝብ በ1942 እና በ1943 በሚሊዮን የሚቈጠሩ መጻሕፍት ለወታደሮቹ ሰጠ፤ ዳሩ ግን ብዙዎቹ ሽፋናቸው ጠንካራ፣ ክብደታቸውም ብዙ ስለ ነበረ ስንቅና ጥይት ለተሸከመ እግረኛ አልተመቹም። በዚህ ምክንያት በ1942 የተቋቋመው የአሳታሚዎች፣ የመጻሕፍት ሻጮችና የቤተ መጻሕፍት ሠራተኞች ጉባኤ ሌላ ዘዴ ፈጠረ። በመጽሔት ማተሚያ መኪና ሁለት ሁለት መጽሐፍ አንዱን ከሌላው በላይ እያተመ ከመካከል ያስቈርጥ ጀመር። ከቁመቱ ይልቅ ወርዱ የሚበልጠው ቀላል መጽሐፍ በወታደር ልብስ ኪስ የሚገባ ሆነ። ከ1943 እስከ 1947 ድረስ ከ1,300 በላይ ርእሶች፣ ከ120 ሚሊዮን በላይ ቅጂዎች ታትመው ያለ ዋጋ ታደሉ። በሰኔ 1944 ወደ ኖርማንዲ ለመሻገር መርከብ ለተሳፈሩት ወታደሮችም ደርሰዋል።

ይህ ሥራ ለደራስያንም ጠቅሟል። ስኮት ፊትዝጀራልድ በ1940 ሲሞት «ታላቁ ጋትስቢ» የተባለው ልብ ወለዱ ብዙ ገዢ አልነበረውም፤ በ1945 ግን 155,000 ያህል ቅጂ ለወታደሮች ታተመ። መጽሐፉ ከጦርነቱ በኋላ ለአገኘው ዝና ይህ አንዱ ምክንያት እንደ ሆነ ይነገራል።

እንግዲህ ፊደል ማስተማር የሥራው እኩሌታ ነው፤ ሌላው እኩሌታ ለተማረው ሰው የሚስማማውን መጽሐፍ ከእጁ ማድረስ ነው። እኛም ፊደል የለዩትን ሰዎች ቍጥር በመዝገባችን በጻፍን ጊዜ፣ በኪሳቸው ምን መጽሐፍ እንዳለ ጨምረን ልንጠይቅ ይገባናል።