ቋንቋ ሳያውቁ የሠለጠኑ ወታደሮች

በአትላንታ አካባቢ የምትኖሩ አንባብያን ቻምብሊ የሚገኘውን የዲካልብ ፒችትሪ አውሮፕላን ማረፊያ ሳታውቁት አትቀሩም። ትንንሽ አውሮፕላኖች ሲነሡና ሲያርፉ የሚታይበት ሥፍራ ነው። ከዚያ ብዙም ሳይርቅ በቢፎርድ ሀይዌይ ግራና ቀኝ የኮሪያ፣ የቬትናምና የሜክሲኮ ሱቆች ተደርድረዋል። ይህ ሥፍራ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ፣ እንግሊዝኛ የማይሰሙ ወጣቶች ከአገሬው ልጆች ጋር ተደባልቀው ጠመንጃ አያያዝ የተማሩበት የጦር ሠፈር እንደነበረ የሚያውቅ ግን ጥቂት ነው። ካምፕ ጎርደን ይባል ነበር። (ኋላ ኦገስታ አጠገብ ከተሠራውና ተመሳሳይ ስም ከነበረው ሠፈር ጋር እንዳይምታታ፤ ያኛው ሌላ ነው።) በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አሜሪካ በኤፕሪል 1917 ወደ ጦርነቱ ስትገባ የነበራት መደበኛ ጦር ለአውሮፓው እልቂት የሚበቃ አልነበረም። በሜይ 18 የግዳጅ ውትድርና ሕግ ወጣ። ጁን 5 ቀን ደግሞ ከ21 እስከ 30 ዓመት የሆነው ወንድ ሁሉ፣ ዜጋም ይሁን የውጭ አገር ሰው፣ ቀርቦ እንዲመዘገብ ተደረገ። ጦርነቱ እስኪያበቃ 24 ሚሊዮን ያህል ሰው ተመዝግቦ 2 ሚሊዮን 800 ሺህ ያህሉ ተመልምሏል። ለዚህ ሁሉ ሕዝብ ማደሪያ ስላልነበረ 16 የእንጨትና 16 የድንኳን ሠፈሮች በጥቂት ወራት ውስጥ በጥድፊያ ተሠሩ። ካምፕ ጎርደን ከእንጨቶቹ አንዱ ነበር፤ ከ1600 በላይ ቤቶች ነበሩት።

ሕጉ ስለ ውጭ አገር ሰዎች የተናገረው ግልጽ ይመስል ነበር። የጠላት አገር ተወላጅ አይመለመልም። ዜጋ ለመሆን ማሰቡን ገልጾ «የመጀመሪያ ወረቀት» የሚባለውን ያወጣ ይመለመላል፤ ያላወጣ ነጻ ነው። ነገር ግን ነጻ ለመባል ሰውየው ራሱ ቅጽ ሞልቶ መጠየቅ ነበረበት። ቅጹ በእንግሊዝኛ ነው። ከጣሊያን ወይም ከሩሲያ ግዛት የመጣ፣ በራሱም ቋንቋ ቢሆን ማንበብ የማይችል የቀን ሠራተኛ ይህን ሁሉ ከየት ያውቀዋል? የተጠየቀውን ሳይረዳ እየፈረመ፣ መሄድ የማይገባው ብዙ ሰው ባቡር ላይ ተሳፈረ። የእኛን ብሔራዊ ውትድርና የሚያስታውስ አንባቢ «እኛስ ቢያንስ የጠራን ሰው የሚናገረውን እንሰማ ነበር» ሊል ይችላል። እርግጥ አማርኛ የማይሰማውም የገጠር ልጅ ብዙ እንደነበር መዘንጋት የለበትም።

በመጨረሻ ከአሜሪካ ጦር 18 በመቶ ያህሉ፣ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሰው፣ ከአሜሪካ ውጭ የተወለደ ሆነ።

የሠፈሩ ኑሮ ምን ይመስል ነበር? ታጠቅን ወይም ብላቴን ያየ ሰው ብዙው ነገር እንግዳ አይሆንበትም። ሌሊት በመለከት መነሣት፣ ሰልፍ፣ ጽዳት፣ የክትባት መርፌ፣ ደግሞ ሰልፍ። በ1917 መኸር በብዙዎቹ ሠፈሮች ለሁሉ የሚበቃ ጠመንጃ ስላልነበረ ምልምሎቹ ከእንጨት የተጠረበ ጠመንጃ ይዘው ይለማመዱ ነበር። የደንብ ልብስም ያጥር ነበርና ከቤቱ በለበሰው ልብስ ሳምንታት የቆየ አለ። ደመወዙ በወር 30 ዶላር ነው። ሚስት ወይም ልጆች ያሉት ከዚህ ላይ 15 ዶላር በግዴታ ለቤተሰቡ ይቆረጥበታል፤ መንግሥትም የራሱን ይጨምርበታል። የ10 ሺህ ዶላር የሕይወት መድን ለገባ ሌላ ስድስት ዶላር ከምናምን ይሄዳል። የጦርነት ቦንድ ግዛ ተብሎም ይወተወታል። ወር ሲደርስ እጁ ላይ የሚቀረው ለትንባሆና ለፖስታ ቴምብር ያህል ነበር ማለት ይቻላል።

በካምፕ ጎርደን ካለፉት ሁሉ ስሙ የገነነው አልቪን ዮርክ ነው። ከቴነሲ ተራሮች፣ ፖል ሞል ከምትባል መንደር የመጣ የድሃ ገበሬ ልጅ ሲሆን ከአሥራ አንድ ልጆች ሦስተኛው ነበር። ትምህርቱ ከጥቂት ዓመት አያልፍም። አጥባቂ ክርስቲያን በመሆኑ ሰው መግደል ኃጢአት ነው ብሎ ከውትድርና ነጻ እንዲደረግ አመልክቶ ነበር፤ አልተፈቀደለትም። በኖቬምበር 1917 ካምፕ ጎርደን ሲደርስ ከመጀመሪያዎቹ ትእዛዞች አንዱ ከግቢው የሲጋራ ቁራጭ እንዲለቅም ነበር። እርሱ አያጨስም፤ እንደከበደው፣ ግን እንደለቀመ በማስታወሻው ጽፏል። ከጎኑ የተሰለፉት ደግሞ ግሪኮችና ጣሊያኖች ነበሩ። ዮርክ ከሕፃንነቱ ጀምሮ በአደን ያደገ በመሆኑ፣ ጠመንጃ ይዘው የማያውቁት የከተማ ልጆች ዒላማውን ቀርቶ ከኋላው ያለውን ሰፊ ግድብ ሲስቱ እያየ ይገረም ነበር።

አዛዦቹ ሻምበል ዳንፎርዝና ሻለቃ በክስተን የሃይማኖቱን ጉዳይ የያዙበት መንገድ በእኔ ግምት የዚህ ሠፈር ታሪክ ከሚያስመሰግኑት ገጾች አንዱ ነው። አላሰሩትም፣ አልሰደቡትም። መጽሐፍ ቅዱስ ገልጠው ጥቅስ በጥቅስ ተከራከሩት። ከዚያም በማርች 1918 ወደ ቤቱ ሄዶ እንዲያስብበት የአሥር ቀን ፈቃድ ሰጡት። ተራራ ላይ ወጥቶ ጸለየና መዋጋት እንደሚችል አምኖ ተመለሰ። ኦክቶበር 8 ቀን 1918 በአርጎን ጫካ በጥቂት ጓደኞቹ ታግዞ 132 ጀርመኖችን ማርኮ የአገሪቱን ከፍተኛ ሜዳይ አገኘ። የዚያን ዕለት ከተላኩት 17 ሰዎች መካከል የጣሊያንና የምሥራቅ አውሮፓ ስም ያላቸው እንደነበሩ ግን እምብዛም አይነገርም።

እነዚህ ባለ ባዕድ ስሞች ሁሉም እንደ ዮርክ የሚያነጋግራቸው መኮንን አላገኙም። በመጀመሪያዎቹ ወራት «ወደ ቀኝ ዙር» ሲባል ወደ ግራ የሚዞረውን፣ ለምን እንደሚቆጡት የማይገባውን ወታደር ብዙ ሠፈሮች ወደ ወጥ ቤትና ወደ ቆሻሻ ማንሣት ይመድቡት ነበር። ዝም ሲል ደደብ፣ ወይም በልቡ ጠላት ነው ይባላል። ወራት አልፈው ጓደኞቹ ወደ ፈረንሳይ ሲሄዱ እርሱ ድንች ሲልጥ ይቀራል።

በ1918 የጦር ሚኒስቴሩ ይህን የሚመለከት ክፍል አቋቋመ። በካምፕ ጎርደን እንግሊዝኛ የማይችሉት ወታደሮች በየቋንቋቸው ተለይተው ምን እንደሚቸግራቸው ተጠየቁ። ጣሊያኖቹ ለብቻ፣ የስላቭ ቋንቋ ተናጋሪዎቹ ለብቻ ሆኑና ቋንቋቸውን የሚናገሩ መኮንኖች ተመደቡላቸው። ትእዛዙ በቋንቋቸው ይገለጽላቸዋል፣ ጎን ለጎን እንግሊዝኛ ይማራሉ። ነገሩ ስለተሳካ የካምፕ ጎርደን ዕቅድ ተብሎ ወደ ሌሎች ሠፈሮችም ተዛመተ። ደደብ የተባለው ሰው ደደብ አልነበረም፤ የሚነግረው አጥቶ ነው።

ጥቁር አሜሪካውያን ወታደሮችስ? እንግሊዝኛ አፋቸውን የፈቱበት ቋንቋ ቢሆንም ይህን ያህል አልታሰበላቸውም። ወደ 380 ሺህ ያህል ዘምተው ለውጊያ የተመደቡት 42 ሺህ ገደማ ብቻ ነበሩ፤ የቀሩት መርከብ አራጋፊና መንገድ ሠሪ ሆኑ። በየሠፈሩ ማደሪያቸው የተለየ ነበር። በሂውስተን ካምፕ ሎጋን በኦገስት 1917 ከፖሊስ በደል የተነሣ በፈነዳው አመፅ 19 ጥቁር ወታደሮች በስቅላት ተቀጡ። ፍርዱ የተሻረው በ2023 ነው።

በዚያው ሰሞን የጦሩ የሥነ ልቡና ባለሙያዎች ምልምሎችን በፈተና ይለኩ ነበር። ማንበብ ለማይችሉትና እንግሊዝኛ ለማያውቁት የተዘጋጀው ፈተና በሥዕል ነው፤ ከሥዕሉ የጎደለውን አሟላ ይላል። አንዱ ሥዕል መረብ የሌለው የቴኒስ ሜዳ ነው። ከሲሲሊ መንደር የመጣ በግ ጠባቂ ቴኒስን የት ያውቃል? ሌላው ጭስ ማውጫ የሌለው ቤት ነው፤ አንድ የሲሲሊ ሰው መስቀል ጨምሮበት ስሕተት ተባለ ይባላል። የእኔም አያት ቢፈተኑ መስቀሉን የሚሥሉ ይመስለኛል። ካርል ብሪገም የተባለ ምሁር ይህን ውጤት ይዞ በ1923 የደቡብና የምሥራቅ አውሮፓ ሰዎች በአእምሮ ያነሱ ናቸው የሚል መጽሐፍ አወጣ። በማግሥቱ ዓመት የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ ከጣሊያን የሚገባውን ሰው በዓመት ከ4 ሺህ በታች አደረገው። ብሪገም በ1930 ድምዳሜውን ራሱ ሽሮታል፤ ሕጉ ግን አልተነሣም።

የሠፈሮቹ ትልቁ ገዳይ ከፈረንሳይ አልመጣም። በሴፕቴምበር 1918 ቦስተን አጠገብ ካምፕ ዴቨንስ የገባው ኢንፍሉዌንዛ በተጨናነቁት ማደሪያዎች ውስጥ እንደ ሰደድ እሳት ተዛመተ። በበሽታው ብርታት የኦክቶበር ምልመላ ጥሪ ተሰረዘ። ባሕር ሳይሻገሩ፣ በአሜሪካ ምድር ብቻ፣ ወደ 30 ሺህ ያህል ወታደሮች በኢንፍሉዌንዛና በሳንባ ምች ሞቱ። ይህ በሽታ ለእኛ እንግዳ አይደለም። በዚያው ወቅት፣ በኅዳር 1911 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባን ያራቆተው የኅዳር በሽታ ነው። ራስ ተፈሪንም ይዟቸው ድነዋል። ኅዳር 12 ቀን ሰፈሩ ሁሉ በጢስ ሲታጠን እያየን ያደግን ሰዎች፣ የካምፕ ዴቨንስን ሙታን ሳናውቃቸው አብረን ስናስባቸው ኖረናል ማለት ነው።

ለውጭ አገር ተወላጁ ወታደር የተሰጠው ትልቁ ተስፋ ዜግነት ነበር። ሜይ 9 ቀን 1918 በወጣው ሕግ የአምስት ዓመት ነዋሪነት፣ የመጀመሪያ ወረቀትና ክፍያ ቀሩለት። ዳኞች ራሳቸው ወደ ሠፈሩ እየመጡ በሰልፍ የቆመውን ወታደር ያስምሉት ነበር። ከመቶ ሺህ በላይ ሰው በዚህ መንገድ ዜጋ ሆነ።

ከእነዚህ አንዱ ፑንጃብ የተወለደው ባጋት ሲንግ ቲንድ ነው። በጁላይ 1918 ጦሩን ተቀላቅሎ ዋሽንግተን ግዛት በሚገኘው ካምፕ ሉዊስ ሠለጠነ። ሲክ በመሆኑ ጥምጣሙን አላወለቀም። ዲሴምበር 9 ቀን የደንብ ልብሱን እንደለበሰ የዜግነት ወረቀቱን ተቀበለ፤ በአራተኛው ቀን ነጭ አይደለህም ተብሎ ተነጠቀ። በዚያ ዘመን ሕግ ዜጋ መሆን የሚችለው ነጭ ወይም የአፍሪካ ትውልድ ያለው ብቻ ነበር። በ1920 ፍርድ ቤት ዜግነቱን መለሰለት፤ በ1923 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንደገና ከለከለው። ለዚያ ጦርነት ዘማቾች የዘር ክልከላውን ያነሣ ሕግ ወጥቶ ቲንድ ዜግነቱን በኒውዮርክ ያገኘው በ1936 ነው። የደንብ ልብሱን ካወለቀ 18 ዓመት ሊሞላው ነበር።

ከዘጠና ዓመት በኋላ ተመሳሳይ በር ተከፍቶ ነበር። በ2008 የተፈቀደው ማቭኒ የተባለ ፕሮግራም ግሪን ካርድ የሌላቸውን፣ ነገር ግን በሕጋዊ መንገድ የገቡና ጦሩ የሚፈልገውን ቋንቋ የሚያውቁ ሰዎች በውትድርና ቶሎ ዜጋ እንዲሆኑ የሚያደርግ ነበር። ከተፈለጉት ቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ አማርኛ ይገኝበታል። ፕሮግራሙ በ2016 ቆመ። ፈርመው የሥልጠና ጥሪያቸውን ሲጠባበቁ ቪዛቸው ያለፈባቸው ብዙ ወጣቶች ጉዳያቸውን ይዘው ወደ ፍርድ ቤት ሄዱ።