የወላጆች ቀን ድራማ ጽሑፉ የት ገባ?

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። ባለፈው የወላጆች ቀን ትምህርት ቤታችሁ ውስጥ የታየው ድራማ ጽሑፉ አሁን የት ነው? ፍኖተ ሰላምም ተማሩ ቡሬ ወይም ከዚያ ወጣ ባለ የገጠር ትምህርት ቤት፣ መልሱ ብዙም አይለያይም። አንዲት የሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል በደብተሯ ትጽፈዋለች፣ ልጆቹ ይለማመዱታል፣ ይታያል፣ ይጨበጨባል። ከዚያ ደብተሩ የበርበሬ መጠቅለያ ይሆናል።

ቀላል ነገር ይመስላል አይደል? በአገራችን ከሴቶች ብዕር የወጡ የመጀመሪያዎቹ ተውኔቶች ከሰው ዓይን የራቁት ግን ከዚህ ብዙ በማይለይ መንገድ ነው።

ወይዘሮ ስንዱ ማን ነበሩ?

ስንዱ ገብሩ በ1908 ዓ.ም. ተወለዱ፤ የከንቲባ ገብሩ ደስታ ልጅ ናቸው። ስዊዘርላንድ ተምረው ተመለሱ። ጣልያን ሲወር ከጥቁር አንበሳ አርበኞች ጋር ተሰለፉ፣ ተማረኩ፣ ጣልያን አገር አዚናራ በተባለች ደሴት ታሰሩ። ከነጻነት በኋላ የእቴጌ መነን ትምህርት ቤት ዲሬክተር ሆኑ። በ1950 ዓ.ም. ደግሞ ለፓርላማ የተመረጡ የመጀመሪያዋ ሴት እሳቸው ናቸው።

ስለ ፓርላማው ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁ ይሆናል። ተውኔት ጸሐፊነታቸውንስ? ለተማሪዎቻቸው ብዙ ተውኔቶች ጽፈው አሳይተዋል፤ የአገር ፍቅርና የወረራው ዘመን ከጉዳዮቻቸው መካከል ነበሩ። በከተማው መድረክ የሴት ገጸ ባሕርይ ሳይቀር በወንድ በሚጫወትበት ዘመን፣ እዚያ መድረኩ የልጃገረዶች ነበር። ግጥምና ተውኔት የያዘው «የልቤ መጽሐፍ» በ1942 ዓ.ም. ታተመ።

ታዲያ ለምን ተረሳ?

የቴአትር ታሪካችን ሲነገር የሚጀምረው ከተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም «ፋቡላ» ነው፤ ከዚያ ወደ አገር ፍቅርና ወደ ዛሬው ብሔራዊ ቴአትር ይሻገራል። ሲቆጠሩ የኖሩት የትልልቅ አዳራሾች ሥራዎች ናቸው። የትምህርት ቤት ድራማ «የልጆች ጨዋታ» ተብሎ ከቁጥር ወጣ፤ በዚያን ጊዜ ሴት ጸሐፊ በቀላሉ ያገኘችው መድረክ ደግሞ እሱ ነበር። አያችሁ፣ ማንም «የሴት ሥራ ይጥፋ» ብሎ መወሰን አላስፈለገውም። የሚቆጠረው ቦታ መመረጡ ብቻ በቂ ነበር።

በሌላው ዓለምም ተመሳሳይ ነገር አለ። በ10ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀርመን ውስጥ በጋንደርስሃይም ገዳም የምትኖር ህሮትስቪታ የተባለች ሴት በላቲን ስድስት ተውኔቶች ጻፈች። ለ500 ዓመት ያህል የሚያስታውሳት አልነበረም ማለት ይቻላል። ከዚያ ኮንራድ ሴልቲስ የተባለ ምሁር የብራና ጽሑፉን አገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1501 ታተመ። ዕድሏ ምን ነበር? ብራናው መቀመጡ። ብራና ተጠብቆ መቆየቱ ምን እንደሚጠቅም ለጎጃም ልጅ መንገር አያስፈልግም።

ወንበርና ወረቀት ብቻ

የተረሳ ተውኔት ዛሬም ነፍስ እንዳለው ለማወቅ ቀላሉ መንገድ የመድረክ ንባብ ነው። አልባሳት የለም፣ በቃል ማጥናት የለም። አንባቢዎች ጽሑፉን ይዘው ይቀመጣሉ፤ እያንዳንዱ የገጸ ባሕርዩን ቃል ያነባል፣ አንድ ሰው ደግሞ «ገባች፣ ወጣች» የሚለውን መግለጫ ያነባል። መጨረሻ ላይ ተመልካቹ ይወያያል። ስለዚህ ትንሽ የሙዚየም ክፍል ወይም የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ይበቃል።

ንባቡ ዝም ብሎ ማስታወሻ አይደለም፣ ፈተናም ነው። የትኛው ንግግር ዛሬም ያስቃል? የትኛው አርጅቷል? ይህ ድምፅ ካልተሰማ አይታወቅም። ቦታውም ትርጉም ይጨምራል። ቡሬ በ1933 ዓ.ም. ጣልያን ከጎጃም ሲባረር ውጊያ የተካሄደባት ከተማ ናት፤ ስለ ወረራው የተጻፈ ተውኔት እዚያ ሲነበብ፣ አያቶቻቸው ያወሩላቸውን የሚያስታውሱ አድማጮች ይኖራሉ።

እንግዲህ ሁለት ሥራ አለላችሁ። አንደኛው፣ «የልቤ መጽሐፍ»ን ቤተ መጻሕፍት ጠይቃችሁ ፈልጉ፤ አንድ ገጽም ቢሆን ተካፍላችሁ ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ሁለተኛው ይበልጥ ቀላል ነው፤ የዘንድሮውን የወላጆች ቀን ድራማ በሁለት ቅጂ ጻፉት። የጸሐፊዋን ስምና ዓመተ ምሕረቱን አስፍሩ፣ አንዱን ቅጂ ለቤተ መጻሕፍት ስጡ። ደብተሩ ወደ በርበሬ ሻጭ ከመሄዱ በፊት።